አምስት ጠገራ ብር፣ አምስት ዓይነት ክብደት፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

አሮጌ ገንዘብን ስለ መመዘን የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ሰሞኑን በርከት ብለው ስለ ደረሱን የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ወደ ደብዳቤዎቹ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ የቃል ችግር እንፍታ። በቋንቋችን «ብር» ሲባል ማዕድኑም፣ ከማዕድኑ የተሠራው ገንዘብም፣ ዛሬ በኪሳችን ያለው ወረቀትም ነው፤ ይህ ደግሞ ስለ ክብደት ለሚጽፍ ሰው ቀላል ፈተና አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች ማዕድኑን «ንጹሕ ብር» ወይም «የብር ማዕድን»፣ የኦስትሪያ ገዢ የነበሩት የንግሥት ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበትን ገንዘብ ደግሞ አባቶቻችን እንዳሉት «ማርትሬዛ» ወይም «ጠገራ» እንለዋለን።

ጥያቄ፦ ከአያቴ የተረከብኳቸው አምስት ጠገራ ብሮች አሉኝ። አምስቱም ላይ የንግሥቲቱ ምስልና 1780 የሚል ዓመት አለ። በአንድ ወርቅ ቤት ሳስመዝናቸው የመጀመሪያው 28.06፣ ሁለተኛው 28.02፣ ሦስተኛው 27.61፣ አራተኛው 28.31፣ አምስተኛው 24.5 ግራም ሆኑ። አራተኛው ከላይ ጠርዙ ላይ የብየዳ ምልክት ይታይበታል። ባለሙያው ሦስተኛውን «ተሞርዷል»፣ አምስተኛውን ደግሞ «ሐሰተኛ ነው» ብሎኛል። ሁሉም የአንድ ዓመት ገንዘብ ከሆኑ ክብደታቸው ለምን ተለያየ? ባለሙያውንስ ልመነው? (ከደሴ)

መልስ፦ በመጀመሪያ «የአንድ ዓመት ገንዘብ» የሚለውን ግምት እናንሣ። ማርያ ቴሬዛ ያረፉት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1780 ነው። ገንዘባቸውን የለመዱት የቀይ ባሕር አካባቢ ነጋዴዎች ሌላ መልክ ያለውን ለመቀበል እምቢ ስላሉ መቅረጫ ቤቶች ዓመቱን ሳይለውጡ ያንኑ መቅረጻቸውን ቀጠሉ። ይህን ያደረገችው ቪየና ብቻም አይደለችም፤ ሚላኖና ቬኔዚያም ቀርጸውታል፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃም ተጨምረዋል። ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት በ1935 እ.ኤ.አ. ቅርጹን ከኦስትሪያ ተረክባ በሮም ማስቀረጽ ጀመረች፤ በማግሥቱ ዓመት ለንደን ተከተለች። ስለዚህ በአያትዎ ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡት ጠገራዎች በመቶ ሃምሳ ዓመት የሚራራቁ ሊሆኑ ይችላሉ።

ይሁን እንጂ የትም ይቀረጹ፣ ሁሉም እንዲመዝኑ የታሰበው አንድ ክብደት ነው፤ እርሱም 28.0668 ግራም ነው። ቁጥሩ እንዲህ ያለ ጅራት ያወጣው ሲቀረጽ በግራም ስላልተለካ ነው። በጊዜው በቪየና ይሠራበት የነበረው «ማርክ» የሚባለው መመዘኛ 280.668 ግራም ሲሆን፣ ከአንድ ማርክ ቅይጥ አሥር ማርትሬዛ ይወጣል። ቅይጡም ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር፣ አንዱ እጅ መዳብ ስለሆነ በእያንዳንዱ ጠገራ ውስጥ 23.389 ግራም ንጹሕ ብር ይኖራል ማለት ነው። አሥር ጠገራ ያለው አንባቢ በአንድነት ቢመዝናቸው ውጤቱ ወደ 280.67 ምን ያህል እንደሚጠጋ በማየት የስብስቡን ጤንነት በአንድ ጊዜ ሊገምት ይችላል፤ አንዱ ጥቂት ቢጎድል ሌላው ጥቂት እየሞላለት ድምሩ ከነጠላው ይልቅ የታመነ ይሆናል።

እዚህ ላይ ከጉዳዩ ሳንርቅ አንድ ነገር እናንሣ። በእኛ ገበያ ማርትሬዛ የሚመዘን ብቻ ሳይሆን መመዘኛም ነበር፤ የወርቅ ወቄት የሚለካው በአንድ ማርትሬዛ ክብደት ነበርና። ሚዛኑ በአንድ በኩል ጠገራ፣ በሌላው በኩል ወርቅ ይዞ ሲቆም፣ ያለቀ ጠገራ ለወርቅ ሻጭ ትርፍ፣ ለገዢ ኪሳራ ነበር። የዛሬው ሰብሳቢ ያለቀውን ጠገራ የሚንቀው ለመልኩ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ የወርቅ ገዢ የሚሸሸው ግን ለክብደቱ ሲል ነበር።

ወደ አምስቱ ጠገራዎች እንመለስ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በ0.04 ግራም ይለያያሉ፤ ይህ ልዩነት ምንም አይናገርም። ገንዘብ ሲቀረጽ ቅይጡ ቀልጦ በመዳመጫ እየተዳመጠ ዝርግ ይሆናል፣ ከዝርጉ ክብ ክቡ ይቆረጣል፣ ከዚያ ምስል ይታተምበታል። የዝርጉ ውፍረት ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ፍጹም እኩል ሊሆን ስለማይችል የክቦቹም ክብደት ይለያያል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መቅረጫ ቤቶች የከበደውን ክብ ከመታተሙ በፊት በሞረድ እየፋቁ ወደ ልኩ ያወርዱት ነበር፤ በዚያ ዘመን በተቀረጹ አንዳንድ ገንዘቦች ፊት ላይ ዛሬም ቀጥ ቀጥ ያሉ የሞረድ መስመሮች የሚታዩት ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን መስመር ያየ ሰው ሌባ የፋቀው እየመሰለው ይቆጫል፤ የፋቀው ግን ራሱ የመቅረጫ ቤቱ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ የታተመው ምስል በመስመሮቹ ላይ ካረፈባቸው ፍቀቱ ከመታተሙ በፊት የተደረገ ነው።

ሦስተኛው 27.61 ግራም ስለሆነ ከልኩ 0.46 ግራም ጎድሎታል። ወርቅ ቤቱ «ተሞርዷል» ለማለት የቸኮለ ይመስለናል፤ ምክንያቱን በቁጥር እናሳይ። ጠገራው ዲያሜትሩ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሁለቱ ፊቶቹ ስፋት በአንድነት ወደ 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ከእያንዳንዱ ፊት የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ ቢያልቅ እንኳ ሩብ ግራም ይጠፋል። የእርስዎን 0.46 ግራም ለማጣት ከየፊቱ መላጥ ያለበት የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ ሁለት ጊዜ ያህል፣ ማለትም ከአንድ ተራ ወረቀት ውፍረት አምስተኛው እጅ ብቻ ነው። ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ፣ በከረጢት ከሌሎች ጋር እየተፋተገ በበቅሎ ጀርባ የተጓዘ ገንዘብ ይህን ያህል ማጣቱ አያስገርምም። ማጣቱ በተፈጥሮ ከሆነ የሚታየው በምስሉ ከፍታዎች ላይ ነው፦ በንግሥቲቱ ጉንጭና ፀጉር፣ በጀርባው በንስሩ ደረትና ክንፎች። በሞረድ ከሆነ ግን የሚታየው በጠርዙ ነው። ማርትሬዛ ጠርዙ ዙሪያውን «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ»፣ ማለትም «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል የላቲን ጽሑፍና ጌጥ አለው፤ እንዲኖረው የተደረገውም ጠርዙ ቢፋቅ ወዲያውኑ እንዲታወቅ ነው። በእጅ ማጉያ መነጽር ጠርዙን ዞር ዞር እያደረጉ ይዩት፤ ፊደሎቹ ሙሉ ከሆኑ ሦስተኛው ጠገራ ያረጀ እንጂ የተሰረቀበት አይደለም።

አራተኛው ከሁሉም ይልቅ ትኩረት ይገባዋል፤ ምክንያቱም ገንዘብ በዕድሜው እየቀለለ ይሄዳል እንጂ አይከብድም። ከልኩ 0.24 ግራም የበለጠው ከውጭ የመጣ ነገር ስላለበት ነው፣ እርሱንም ራስዎ ጽፈውልናል። ጠገራ በአገራችን በአንገት ሲንጠለጠል የኖረ ጌጥ ስለሆነ ብር ሠሪው ማንጠልጠያ ቀለበት ይበይድበታል፤ ቀለበቱ ኋላ ቢነሣም የብየዳው ቅሪት ይቀራል። በዚህ ምክንያት አራተኛው ጠገራ ራሱ ስንት እንደሚመዝን ከሚዛን ማወቅ አይቻልም፤ ያለቀ ሆኖ ብየዳው ጉድለቱን ሸፍኖለት ሊሆን ይችላል። የተበሳ ጠገራ ካጋጠመዎት ሒሳቡ ይቀላል፦ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የሚያጎድለው 0.18 ግራም ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የጎደለ የተበሳ ጠገራ ሌላም ምክንያት አለው።

አምስተኛውን በሚመለከት ከባለሙያው ጋር እንስማማለን፤ ነገር ግን «ቀለለ» ብሎ ማቆም አይበቃምና ምን እንደሆነም እንፈልግ። ደኅና ማርትሬዛ የሚይዘው ቦታ 2.75 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ይህንኑ ቦታ በመዳብ ወይም በመዳብና በኒኬል ቅይጥ ብንሞላው ክብደቱ 24.5 ግራም ይሆናል፤ የእርስዎ አምስተኛ ጠገራ የመዘነውም ልክ ይህንን ነው። ስለዚህ በካሊፐር ሲለኩት ስፋቱና ውፍረቱ ከሌሎቹ ጋር እኩል ከሆነ በብር የተለበጠ መዳብ ወይም መዳብ የሚበዛበት ቅይጥ እንደያዙ መገመት ይቻላል። በእርሳስ የተሠራ ሐሰተኛ ደግሞ በተቃራኒው ይከብዳል፤ ያው መጠን 31 ግራም ያልፋል። ማግኔት እዚህ አይረዳዎትም፤ ብርም ሆነ መዳብ በማግኔት አይሳብምና ማግኔት የሚያጋልጠው እንደ ብረት ያለ የሚሳብ ማዕድን የበዛበትን ብቻ ነው።

ነገሩን ለማረጋገጥ የውኃ ምዘና ይሥሩ። 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱት። ጠገራውን በቀጭን ክር አስረው፣ ታችም ጎንም ሳያስነኩ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ያንጠልጥሉት፤ አየር አረፋ ከተጣበቀበት ክሩን ነካ ነካ አድርገው ያራግፉት። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ጠገራው የያዘው ቦታ ነው። በደረቁ የመዘነውን ለዚህ ቁጥር ሲያካፍሉ እፍጋቱ ይወጣል፦ ለደኅና ማርትሬዛ 10.2 አካባቢ፣ ለመዳብና ለኒኬል 8.9 አካባቢ። ሚዛንዎ 0.1 ግራም ብቻ የሚለይ ከሆነ ግን አይድከሙ፤ 2.7 ይሁን 2.8 ሳይታወቅ የሚወጣው ውጤት ከጥርጣሬ አያወጣም።

የዚህ ምዘና ጥቅም የሚጎላው ሐሰተኛው ሆን ተብሎ በትክክለኛው ክብደት ሲሠራ ነው። ከመዳብና ከኒኬል 28.07 ግራም ለማውጣት ሠሪው ጠገራውን በሰባተኛ እጅ ያህል ማወፈር ወይም ማስፋት ግድ ይሆንበታል፤ 2.5 ሚሊ ሜትር መሆን ያለበት ውፍረት 2.9 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ክብደት ብቻውን ለምስክርነት አይጠራ፤ ስፋትና ውፍረት አብረውት ይቅረቡ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የመጀመሪያው ጠገራዎ 28.06 መምዘኑ የ18ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑን አያረጋግጥም። በለንደን የተቀረጸውም በዚያው ልክ የተሠራ ነው። ሚዛን ሐሰተኛውን ያጋልጣል፤ አሮጌውን ከአዲሱ አይለይም። ለዚያ የሚያስፈልገው ዓይን ነው፦ የትከሻው ጌጥ ነጥቦች፣ የንስሩ ጅራትና ላባዎች፣ የፊደሎቹ አቀማመጥ። የቀድሞ ነጋዴዎቻችንም ጠገራ ሲቀበሉ የግንባሩንና የትከሻውን ጌጥ ነጥቦች እየቆጠሩ ነበር።

ጥያቄ፦ በእጄ ባለች ትንሽ ዲጂታል ሚዛን አንድ ማርትሬዛ ስመዝን እዚህ 28.05 ግራም ነበር። ለእረፍት አዲስ አበባ ስሄድ ጠገራውንም ሚዛኑንም ይዤ ነበርና ለእኅቴ ላሳያት ብመዝነው 27.98 ሆነ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። እኅቴ «መንገድ ላይ ተበላ» ብላ ስቃብኛለች። ሌላም ግራ የገባኝ ነገር አለ፦ ሚዛኑን ወደ አውንስ ሳዞረው 0.99 ይላል፤ ሻጮች ግን አንዳንዱ 0.90፣ ሌላው 0.75 አውንስ ይላሉ። (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ የሁለተኛው መልስ አጭር ስለሆነ ከእርሱ እንጀምር፤ ሦስቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። ለሥጋና ለቅቤ የሚያገለግለው ተራ አውንስ 28.35 ግራም ነው፤ በእርሱ ሲሰላ ጠገራው 0.99 ይሆናል። ለወርቅና ለብር የሚያገለግለው ትሮይ አውንስ ግን 31.10 ግራም ስለሆነ በእርሱ 0.90 ይወጣል። 0.75 የሚሉት መዳቡን ቀንሰው ንጹሑን ብር ብቻ በትሮይ አውንስ የቆጠሩ ናቸው። ሻጭ «አውንስ» ሲልዎ የትኛውን እንደሆነና ከመዳቡ ጋር መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ።

የመጀመሪያው ጥያቄዎ ግን ከደረሱን ሁሉ ይበልጥ ያስደሰተን ነው፤ ለእኅትዎም ጠገራው ምንም እንዳልተበላ ይንገሯት። የባትሪ ሚዛን የሚለካው መሬት ዕቃውን የምትስብበትን ኃይል ነው፣ ያንን ኃይል ወደ ግራም ለውጦ ያሳያል። ይህ ስበት ደግሞ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። መሬት በወገቧ በኩል ስለምትሰፋና በምትሽከረከርበት ጊዜ እዚያ የሚኖረው ፍጥነት ስለሚበልጥ፣ ወደ ምድር ወገብ በቀረብን ቁጥር ስበቱ ይቀንሳል፤ ወደ ከፍታ በወጣንም ቁጥር እንዲሁ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ የእርስዎ ከተማ ግን 39 ዲግሪ ሊሞላ በተቃረበ ቦታ፣ ከባሕር ወለል እምብዛም ሳይርቅ ይገኛል። ሁለቱ ምክንያቶች ተደምረው የአዲስ አበባ ስበት ከቨርጂኒያው ከሺህ ሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጅ ያህል ያንሳል። ለ28 ግራም ዕቃ ይህ ልዩነት 0.07 ወይም 0.08 ግራም ነው፤ የእርስዎም ሚዛን የቀነሰው 0.07 ነው።

መፍትሔው ሚዛኑን በሚመዝኑበት ከተማ ማስተካከል ነው። እንዲህ ያሉ ሚዛኖች ብዙውን ጊዜ ማስተካከያ ቁልፍ አላቸው፤ 50 ወይም 100 ግራም መሆኑ የታወቀ የመፈተሻ ድንጋይ አስቀምጠው ሲጫኑት ሚዛኑ የዚያን ቦታ ስበት ይማራል። ከውጭ አገር ሚዛን ገዝተው ወደ ደጋ ከተሞቻችን የሚያመጡ ሰብሳቢዎችም ሆኑ ወርቅ ቤቶች ይህን ሳያደርጉ ከመዘኑ ጠገራዎቻቸው ሁሉ እንደ ጎደሉ ሆነው ይታዩዋቸዋል። ሁለት ሣህን ያለው የጥንቱ ሚዛን ግን ይህ ችግር የለበትም፤ ስበቱ ሲቀንስ በሁለቱም ወገን እኩል ስለሚቀንስ ወቄቱ በምጽዋም በአንኮበርም አንድ ነበር።

ቁጥሩ በዚያው ቦታም ከጊዜ ጊዜ የሚዋዥቅ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ሚዛኑን ከመጠቀምዎ በፊት ጥቂት ደቂቃ አብርተው ያቆዩት፤ ጠረጴዛው የማይወዛወዝ፣ መስኮቱ የተዘጋ ይሁን፤ ጠገራውን በሣህኑ መሐል ያኑሩ፤ የደከመ ባትሪ ይቀይሩ። ጠገራው በፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ከሆነ «መያዣው ይህን ያህል ነው» ብሎ መቀነስ አያዋጣም፣ አንድ ዓይነት የሚመስሉ መያዣዎችም ክብደታቸው ይለያያልና።

ጥያቄ፦ የአጤ ምኒልክ ምስል ያለባቸው አንድ ሙሉ ብር፣ አንድ አላድና ሦስት ግርሾች አሉኝ። ብሩ 28.01፣ አላዱ 13.79፣ ግርሾቹ 1.39፣ 1.34 እና 1.28 ግራም ናቸው። ግርሾቹ በጣም የሚለያዩት ለምንድን ነው? (ከሐረር)

መልስ፦ እነዚህ የተቀረጹት በፓሪስ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ላይ የሚነበበው ዓመት 1887 ዓ.ም. ነው። የሙሉው ብር ልክ 28.075 ግራም ሲሆን አላድ የእርሱ ግማሽ 14.04፣ ሩብ 7.02፣ ግርሽ ደግሞ ሃያኛው እጅ 1.40 ግራም ነው፤ ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ሙሉው ብር ከማርትሬዛ የሚበልጠው በ0.008 ግራም ብቻ ስለሆነ የእርስዎ ሚዛን ሁለቱን መለየት አይችልም። ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑ ግልጽ ነው፤ በማርትሬዛ ሲገበያይ የኖረ ሕዝብ አዲሱን ገንዘብ እንዲቀበል በእጁ ሲያነሣው አንድ ዓይነት ሊሰማው ይገባ ነበር። ሕዝቡ ግን ክብደቱ እኩል ሆኖለትም ለረጅም ጊዜ የንግሥቲቱን መምረጡን አልተወም።

የግርሾቹ ልዩነት የሚደንቅ አይደለም። ሙሉው ብርዎ ያጣው ከመቶ ሩብ እንኳ አይሞላም፤ ትንሹ ግርሽ ግን ከመቶ ዘጠኝ ገደማ አጥቷል። ትንሽ ገንዘብ ከክብደቱ አንጻር ብዙ ገጽ ስላለው ያው ፍትጊያ ከእርሱ የሚወስደው ድርሻ ይበልጣል፤ በዚያ ላይ ሙሉው ብር በሣጥን ተቀብሮ ሲከርም ግርሹ በየገበያው ሲመነዘር የሚውል ነው። ከመቅረጫ ቤት ሲወጣም ቢሆን የአንድ ክብ ውፍረት በጥቂት ቢሳሳት በትንሹ ላይ የሚያመጣው ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ለጠገራ የሚያሳስብ የነበረ የመቶኛ ጉድለት ለግርሽ ተራ ነገር ነው። ግርሽን በ0.1 ግራም ሚዛን መመዘን ግን ጊዜ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ 1936 ዓ.ም. የሚል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልንግ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ብሩ የበዛ ሌላው ያነሰ ነው ሲሉ ሰማሁ። በሚዛን መለየት ይቻላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለት ዓይነት መሆኑ እውነት ነው። የመጀመሪያው ከሺህ 800፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የተቀረጸው ደግሞ ከሺህ 700 እጅ ንጹሕ ብር አለው፤ ሁለቱም ላይ ያለው ዓመት 1936 ነው፣ ሁለቱም 7.03 ግራም እንዲመዝኑ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ በደረቁ መመዘን ከንቱ ነው። በውኃው ምዘና በሁለቱ መካከል የሚገኘው ልዩነት 0.01 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ የቤት ሚዛን ሊያየውና ላያየው ይችላል፤ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ መግዛት ወይም መሸጥ አይገባም። የማዕድን ይዘት በጨረር የሚለካ መሣሪያ ያለው ወርቅ ቤት ካገኙ ሳይቧጭሩት በደቂቃ ይለይልዎታል። የብረት ልክ አውቃለሁ ብሎ በድንጋይ ሊፈትገው ለሚፈልግ ሰው ግን አይስጡት።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ አክሱም ገንዘብ ሳነብ የንጉሥ እንዱቢስ ወርቅ 2.7 ግራም ገደማ፣ የንጉሥ ዒዛና መስቀል ያለበት ወርቅ ግን 1.6 ግራም ገደማ ሆኖ አገኘሁ። ተማሪዎቼ «ያኛው ተሸርፎ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አልተሸረፈም፤ የተለወጠው ልኩ ራሱ ነው። አክሱም የወርቅ ገንዘቧን ያወጣችው ከሮማውያን ጋር ለሚደረገው የባሕር ንግድ ጭምር ስለነበረ በወርቁ ላይ ያለው ጽሑፍ ግሪክኛ ነው፣ ክብደቱም የሮማውያኑን ሥርዓት የተከተለ ነው። የእንዱቢስና የተከታዮቹ ገንዘብ ከቀድሞው የሮማ ወርቅ ግማሽ ጋር የሚቀራረብ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ሊትራ በሚባለው የሮማ የክብደት መለኪያ ከአንድ ሊትራ ወርቅ 72 የሚወጣበትን፣ 4.5 ግራም የሚመዝነውን ሶሊዱስ ካቋቋመ በኋላ የአክሱምም ወርቅ ቀለለ፣ ወደ ሶሊዱስ ሲሶ የሚጠጋ ሆነ። ይህ ለውጥ የታየው በዒዛና ዘመነ መንግሥት፣ በገንዘቡ ላይ የጨረቃው ምልክት በመስቀል በተተካበት ጊዜ አካባቢ ስለሆነ ተማሪዎችዎ ሁለቱን ለውጦች አብረው ሊያጠኗቸው ይችላሉ። ለመዳቡ ገንዘብ ግን እንዲህ ያለ ሒሳብ አይሠራም፤ መሬት ውስጥ ሲዝግና ሲበላ ስለኖረ ዛሬ የሚመዝነው ሲወጣ ከመዘነው ጋር ብዙ ላይገናኝ ይችላል። ከተማሪዎችዎ አንዱ በእርሻ ላይ እንዲህ ያለ ገንዘብ ቢያገኝ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ግዴታው መሆኑንም ይንገሩት።

ጥያቄ፦ የጠቆረ ጠገራ ትክክለኛ ክብደቱ እንዲታወቅ በፊት መታጠብ አለበት? እናቴ በአመድና በሎሚ ታሸው ነበር። (ከአዳማ)

መልስ፦ አያስፈልገውም። ጥቁረቱ በአየር ውስጥ ያለ ድኝ ከብሩ ጋር ተዋሕዶ የሠራው እጅግ ስስ ሽፋን ስለሆነ የሚጨምረው ክብደት በ0.01 ግራም ሚዛን አይታይም። በፊደሎቹ መካከል የተጠቀጠቀ ቅባትና ጭቃ ካለ ግን እርሱ ሊታይ ስለሚችል በለብ ያለ ውኃና በጥቂት ሳሙና አለቅልቀው፣ ሳይፈትጉ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት። አመድ ጥቁረቱን የሚያነሣው ከሥሩ ያለውን ብር እየፋቀ ነው፤ ለደሴው ጠያቂያችን እንዳሰላነው ከየፊቱ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ ሲፋቅ ሩብ ግራም ይሄዳል። እናትዎ ለበዓል ሲያሹት የኖሩት ጠገራ ካለ፣ ሳይታሽ ከቆየ ሌላ ጠገራ ጋር መዝነው ልዩነቱን ቢጽፉልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።